ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው ዓይን

«ብሎን» የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ ናት። ልጅ ሳለ ቤት ውስጥ ብሎን ያለው ዕቃ ሁሉ ከእጁ አያመልጥም ነበር። ሬዲዮኑን ይፈታል፣ የግድግዳ ሰዓቱን ይፈታል፣ የሰው ብስክሌት ሳይቀር ይፈታል፤ መልሶ ሲገጥም ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። እናቱ የተረፈውን ከመሬት እያነሳች፣ «ይቺ እንግዲህ ካንተው ጭንቅላት የወለቀች መሆን አለባት» ትለዋለች። ሰፈሩ ሰምቶ ሳቀ፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። አድጎ፣ አገር ለቆ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶም ስሙ አልለቀቀውም።

በሰው አገር ያገኘው ሥራ ግን ብሎን የሚያስነካ አይደለም። የሚሠራው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት። አንሶላው በጋሪ ይመጣል፣ ቤት የሚያህል ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይታጠፋል። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠራው መካኒክ ነው። አንድ ቀን ክዳኑን ከፈት አድርጎ ሲያይ የደረሰበት አለቃ፣ «ያንተ ሥራ ማጠፍ ነው» አለው። እሱም ያጥፋል። እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፣ መስኮት የለም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ስለዚህ ብሎን ሰው የሚሆነው ቤቱ ሲገባ ነበር። የሚኖረው ካገሩ ልጅ ጋር ነው፤ ከአንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ሁለት ጠባብ መኝታ ቤትና አንድ ማድ ቤት ተከራይተዋል። የብሎንን ክፍል በሩን ከፍቶ ላየው ሰው የሚተኛበት አይመስልም። ከሶኬት ሶኬት ሽቦ ተጋድሟል። ሰው የጣለው፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተለቀመ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበጠ፣ ሁሉም እዚያ አለ። መሳቢያ ሙሉ ቻርጀር አለው፤ የቸገረው ቀን ግን ለያዘው ስልክ የሚሆን አንድም አይገኝም። ወለል የምትጠርግ ክብ ማሽን አለችው፤ አልጋ ሥር ትገባና መውጫው ይጠፋታል፣ ከዚያ «አውጡኝ» እያለች ትነዘንዛለች፤ ሹፌሩ በእግሩ እየጎተተ ያወጣታል። በንግግር የምትታዘዝ ድምፅ ማጉያም ገዝቷል። በዚያው በሰው አገር ቋንቋ «መብራት አብሪ» ሲላት ዘፈን ትከፍታለች፤ «ዘፈኑን ዝጊ» ሲላት «ነገ ዝናብ ነው» ትለዋለች። ብሎን ቃሉን እያቃናና እየደጋገመ ላብ ያጠምቀዋል።

«ተዋት ባክህ» ይላል ሹፌሩ ከማድ ቤት። «እኔን ስንት ዓመት ሙሉ ተሳፋሪው ‹ምን አልክ?› እያለ ያስደግመኛል። ሰው ያልሰማንን ዕቃ ይስማን?»

ከሁሉ የሚወዳት ግን አንዲት ትንሽ ድሮን ናት። ክንፎቿን በየጊዜው ይወለውላል፣ ባትሪዋን ይሞላል፣ አብርሯት ግን አያውቅም። ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ለማውጣት የመኖሪያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የመኖሪያ ወረቀቱን በጠየቀ ቁጥር ደግሞ «እየታየ ነው» ይሉታል። ማን እንደሚያየው፣ እስከ መቼ እንደሚያየው የሚነግረው የለም። ወረቀቱ ሳይወጣ ደግሞ ድንበር ከተሻገረ መመለሻ የለውም። እናቱን በአካል ካያት ዓመታት አልፈዋል።

እናቱ አገር ቤት ብቻዋን ትኖራለች። አባቱ ካረፈ ቆይቷል፤ ታላቅ እህቱ ከባሏ ጋር በዚያው ከተማ ሌላው ጫፍ ናት። አንድ ዝናባማ ቀን እናቱ ደጃፉ ላይ አዳለጣትና ወደቀች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ስትገባ እስክታገኛት ድረስ እዚያው ተጋድማ ቆየች። ደግነቱ አጥንት አልተሰበረም፣ ዳሌዋ ብቻ ጠቆረ። ብሎን የሰማው ሥራ ጨርሶ ከምድር ቤት ሲወጣ፣ ስልኩ ኔትወርክ አግኝቶ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ ሲዘረግፍበት ነው። እሱ የማያውቀውን ሰው አንሶላ ሲያጥፍ እናቱ ጭቃ ላይ ነበረች።

ያኔ ነው ካሜራውን የገዛው። አንገቱን የሚያዞር፣ የሚሰማ፣ የሚናገር። በመንገደኛ ላከው፤ የሚተክለው የእህቱ ባል ሆነ። የእህቱ ባል ሰውነቱም ትዕግሥቱም ወፍራም ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ብሎን በስልክ ሲያዘው ሁለቱም ከዱት።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ጫንና ያዝ።»

«ሥሩ የቱ ነው?»

«አንተ ገልብጠኸዋል እኮ!»

«ስማኝ፣ ይሄን ከምተክል አንተኑ አምጥቼ ብተክልህ ይቀለኝ ነበር።»

በስንት መከራ ሥዕሉ መጣ። ብሎን በመጀመሪያ ያየው የእናቱን አናት ነው። እናቱን ከላይ ቁልቁል አይቷት አያውቅም፤ የሻሿ ቋጠሮ፣ የትከሻዋ ማነስ እንግዳ ሆነበት። «እማዬ!» ሲላት ግራ ቀኝ ዞረች፣ አልጋ ሥር ሳይቀር አየች።

«የታለህ?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ ነኝ፣ ወደ ላይ እዪ!»

«ውይ ልጄን! እዚያ ላይ ወጥተህ ምን ታደርጋለህ? ውረድ!» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ብሎንም ሳቀ። ሹፌሩ ከበሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ለጥቂት ሳምንት በዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ደስታ አልነበረም።

እያደር ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ካሜራው እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ስልኩ ላይ ይደውላል። ድመት ትገባለች፣ ይደውላል። መጋረጃ ይወዛወዛል፣ ይደውላል። ብሎን ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ ለረጅም ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ካልታየም እንዲደውል አደረገው። ስለዚህ እናቱ ብትንቀሳቀስም ባትንቀሳቀስም ይደነግጣል። ሥራ ቦታ ዕረፍት ሲሆን ሌላው ሰው ምሳውን ሲበላ እሱ ጋሪዎቹ ወደሚጫኑበት ጋሪ መውጫ ይሮጣል፣ በሁለት መኪና መካከል ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይለምናል። እናቱ ምስር ስትለቅም ያይና ነፍሱ መለስ ትላለች፣ ሳይበላ ወደ አንሶላው ይወርዳል።

አንድ የዕረፍት ቀኑ ካሜራውን ሲከፍት ክፍሉ ባዶ ነው። ጠበቀ። አሁንም ባዶ ነው። ደወለላት። ስልኳ አልጋው ላይ ሲበራና ሲጠፋ በዓይኑ ያየዋል፤ የሚያነሳው የለም። ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለ፣ አታነሳም። እህቱ ጋ ደውሎ ጮኸ፤ እህቱ ባሏ ላይ ጮኸች፤ ባሏ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ይዞ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ብሎን በሺህ ተራራ ማዶ ተቀምጦ የእናቱ በር በትከሻ ተገፍቶ፣ ከነመቃኑ ተገንጥሎ፣ አቧራ እያስነሳ ሲወድቅ አየ። ሦስቱ ሰዎች ዘለው ገቡ። ከኋላቸው እናቱ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ልብስ ሰፊዋ እየተከተለቻት፣ ቀስ ብላ ገባች። የልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ ወልዳ፣ እሷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው።

«ምነው?» አለች የወደቀውን በር እያየች። «ሞቼ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ብሎን ግን ሳቅ አልመጣለትም፤ ያፈነው ለቅሶ ፈነዳበት፣ ድምፁም በካሜራው በኩል ክፍሉን ሞላው። እናቱ ሳቋን ዋጠች። ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና ብላ፣ «በቃ ልጄ፣ በቃ የኔ ጌታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለችው።

ቃሏን ጠበቀች። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን በከፈተ ቁጥር እዚያው ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ወይ ወንበሯ ላይ፣ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ። ብሎን ደስ አለው። ደስ ያለው ለምን እንደሆነ መለስ ብሎ አልጠየቀም።

በዚያው ሰሞን ከምድር ቤቱ ያወጣኛል ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ትምህርት ከሥራ በኋላ ይማር ነበር። በተግባር ፈተናው ቀን የተበላሸ ሰሌዳ ፊቱ ቀርቦለት፣ ጥፋቱን አግኝቶ፣ ብየዳውን ሊጀምር ሲል ስልኩ ጮኸ። «የሚንቀሳቀስ ነገር የለም» ይላል። መሣሪያውን ጥሎ ወጣ። እናቱ ለካ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጋ፣ ካሜራው በማያሳየው ጥግ እንቅልፍ ወስዷታል። ሲመለስ መምህሩ በሩን በትሕትና ዘጋበት፤ ደንቡ ነው። ሌላ ዓመት ጠብቅ ተባለ። ብሎን ለእናቱ አልነገራትም። ለሹፌሩም «ከበደኝ» ብሎ አለፈው።

ይሄን ገና ሳያስታምም እህቱ ደወለች።

«እማዬ ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ መሰለህ?» አለችው ሰላምታ ሳታስቀድም።

«ደህና ናት እኮ እትዬ፣ በየቀኑ አያታለሁ።»

«ማየትህን ማን ካደ? ልብስ ሰፊዋ ብትለምናት አሻፈረኝ አለች። የአክስታችን ልጅ ስታገባ እንኳ ቀረች። ፀሐይ ለመሞቅ ወንበሯን ደጅ አታወጣም፣ ያንተ ካሜራ ደጁን አያሳይማ! ‹ልጄ ሲያየኝ ካጣኝ ያለቅሳል› ነው መልሷ። እግሯ አብጧል። አሰርካት እኮ!»

ብሎን ስልኩን ዘግቶ ካሜራውን ከፈተ። እናቱ እንደተለመደው አልጋዋ ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች፤ ፎቶ ቤት ገብታ ተራ የምትጠብቅ ትመስላለች። ይሄን ሁሉ ቀን ሲያያት ይሄን አላየም ነበር።

«እማዬ፣ እስቲ ውጪና ነፋስ ይንካሽ።»

«እዚህስ ምን ጎደለኝ?»

«እግርሽ አብጧል አሉኝ።»

«እግር ነው፣ ያብጣል።»

«እንግዲያው ካሜራውን አስነቅለዋለሁ።»

ብድግ አለች። እንደዚያ ስትቆጣ ያየው ሬዲዮኑን የፈታ ቀን ብቻ ነው። «እንዳትሞክረው! ያለኝ ልጅ እዚያ ቁም ሳጥን ላይ ያለው ነው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?» ተመልሳ ተቀመጠች። «ድሮ ስንደዋወል ‹ለከርሞ እመጣለሁ› ትለኝ ነበር። ይሄ ከተተከለ ወዲህ መምጣትን በአፍህ አንስተህ አታውቅም። ‹አየሁሽ› ትላለህ፣ ይበቃሃል።»

«ወረቀቱ እኮ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንተን የያዘህ ወረቀት ነው። እኔን የያዝከኝ አንተ።»

ያን ምሽት ብሎን ለሹፌሩ ሁሉንም ዘረገፈለት፤ የፈተናውን ነገር ጭምር። ሹፌሩ ቀልዱን ሁሉ ትቶ አዳመጠውና፣ «ብትወድቅ በዚያ ስልክ ታነሳታለህ?» አለው።

«አላነሳትም።»

«የምታነሳት ልብስ ሰፊዋ ናት። ታዲያ ሴትዮዋን ከሚያነሷት ሰዎች ለይተህ ከማያነሳት ዕቃ ጋር ቆለፍክባት።»

በማግስቱ ብሎን ማንቂያዎቹን ሁሉ አጠፋ። ለእናቱም ካሜራው እንደማይነቀል፣ እሷ ግን ደስ ባላት ሰዓት እንድትወጣ፣ ቢያጣትም ማንም ጋ እንደማይደውል ነገራት። አላመነችውም። «ትደውላለህ» አለች። ማለ። «ስትምልም አውቅሃለሁ» አለች። ቀናት አለፉ፤ ካሜራውን ሲከፍት አሁንም አልጋው ጫፍ ላይ ናት።

ከዚያ አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ ጋሪ መውጫው ላይ ቆሞ ቢከፍተው ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ስልኳ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። አዲሱ በር ተዘግቷል። ብሎን ካሜራውን ወዲያ አዞረው፣ ወዲህ አዞረው። አውራ ጣቱ የእህቱ ስም ላይ ሄዶ ቆመ። ደጃፉ እርጥብ ይሆን? ዝናብ ጥሎ ይሆን? አለቃው ከታች ተጣራ። ሳይደውል ስልኩን ዘጋና ወረደ።

ያን ከሰዓት ያጠፈውን አንሶላ እየፈታ ደግሞ ሲያጥፍ ዋለ። እንፋሎቱ የዚያን ቀን ጠቀመው፤ የሁሉም ሰው ዓይን ቀልቶ ነበርና ማንም አልጠየቀው።

ሥራ ሲያልቅ እየሮጠ ወጥቶ ደወለ። አነሳች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«የት ነበርሽ?» አለ፣ ድምፁን ለማለዘብ እየታገለ።

«አልደወልክም» አለች እሷ።

«አልደወልኩም።»

«ለልብስ ሰፊዋ ክር ልንገዛ ወጣን።» ከዚያ ጀመረች፤ መንገዱ እንዴት እንደተቆፈረ፣ ክር ሻጩ ዕድሜዋን አሳንሶ ገምቶላት ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንደተናደደች፣ የትኛው ጥላ ሥር እግሯን እንዳሳረፈች፣ ማን እንዳገኛትና ማን አይቷት እንዳላየ ሆኖ እንዳለፈ። ብሎን ከሆስፒታሉ ግንብ ተደግፎ ሰማ። ይሄን ሁሉ የሚያሳየው ሥዕል የለውም። እሷ አሁን ቤቷ ናት፤ እሱ ግን እስካሁን አልተረጋጋም፤ ገና አሁን እያዳለጣት ያለ ይመስለዋል።

ወረቀቱ ዛሬም አልወጣም፤ እየታየ ነው። ድሮኗም መደርደሪያው ላይ ናት። ለፈተናው እንደገና ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። እናቱ ደስ ባላት ቀን ሳትናገር ትወጣለች፣ ሳትናገር ትገባለች፤ የእግሯ እብጠትም ቀለል ብሏል። ብሎን አንዳንድ ቀን ባዶውን ክፍል አይቶ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መሐላውን ይበላና ልብስ ሰፊዋ ጋ ይደውላል።

«እትዬ፣ እማዬ እርስዎ ጋ ናት?»

«እኔ ጋ ናት፤ ከጠየቀሽ የለችም በይው ብላኛለች» ትለዋለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እፍረት ፊቱን ያቃጥለዋል። «በሉ፣ እንደደወልኩ አይንገሯት» ይልና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ አንሶላው ይወርዳል።