ቆጣሪውና ወለል አልባው ዓለም

ሥራ ቦታ «ቆጣሪው» ይሉታል። የመብራት ቆጣሪ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የሚቆጥረው ዱላ ነው። አንድ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ባለሦስት እግር የቁፋሮ ማሽን ይተከላል፣ የብረት ቱቦ ወደ መሬት ይገባል፣ ስድሳ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን መዶሻ እየተነሣ ቱቦው አናት ላይ ይወድቃል። ቱቦው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ስንቴ እንደተመታ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ሃያ ሰባት ዓመት የቆጠረው እሱ ነው። አምስት ከሆነ አፈሩ ልል ነው፤ ሠላሳ ከሆነ ደኅና ነው፤ ሃምሳ ተመትቶ ቱቦው ንቅንቅ ካላለ ግን አለት ላይ ተደርሷልና ማሽኑ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ምሳውን ይበላል።

ይህን ያህል ዘመን መሬት ሲያስደበድብ የኖረ ሰው ጠባዩም እንደ ሥራው ይሆናል። ሚስቱን ሊያገባ አስቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቦቿ ዘንድ የሄደ ዕለት፣ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የልጅቱን አባት «ቤትዎ በግራ በኩል እየሰጠመ ነው» አላቸው።

«የመጣኸው ልጄን ብለህ ነው ወይስ ቤቴን?» አሉት።

«ልጅዎን ብዬ ነው። ቤቱን ግን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።»

ልጅቱን ሰጡት። ግድግዳው በስድስተኛው ዓመት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ አማቱ እስኪሞቱ ድረስ እሱን ሳያማክሩ አጥር እንኳ አላቆሙም።

ከዚህ ጋብቻ የተገኘችው አንዲት ልጅ አድጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናት አባቷ ቤት መጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ስታርም ሳቅ አመለጣት።

«ምን አገኘሽ?» አላት አባቷ።

«አንዱ ተማሪ፣ ጁፒተር በወርዱ የመሬትን አሥራ አንድ እጥፍ ስለሆነ የቤት ችግር እዚያ ይቃለላል ብሎ ጽፏል።»

«ታዲያ ምን ነውር አለው?»

«አባዬ፣ ጁፒተር ላይ የሚቆምበት የለም። ወለል የለውም።»

ቆጣሪው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «የላዩ አፈር ልል ነው ማለትሽ ነው።»

«አፈር አይደለም፣ ጋዝ ነው። ለፀሐይ የቀረቡት አራቱ፣ ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ የኛዋ መሬትና ማርስ፣ ድንጋይና ብረት ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ ግን ይረገጣሉ። ጁፒተርና ሳተርን ግን አብዛኛው አካላቸው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። ብትገባበት ትሰጥማለህ። ጋዙ እየወፈረ፣ እየሞቀ ይሄድና ፈሳሽ ይሆናል። ጋዙ እዚህ ጋ አለቀ፣ ፈሳሹ እዚህ ጋ ጀመረ የሚባል ድንበር እንኳ የለውም።»

«ስንት ሜትር ተቆፍሮ ነው የታወቀው?»

«አልተቆፈረም። ስበቱ ተለክቶ ነው።»

«ያልተቆፈረ» አለ ቆጣሪው ለብቻው።

«ሳተርንማ በአማካይ ከውሃ ይቀላል። የሚበቃው ገንዳ ቢገኝ ይንሳፈፍ ነበር።»

«ተዋት እንግዲህ፣ ሥራዋን ትሥራበት» አለችው ሚስቱ። «ጁፒተር ላይ ቤት የሚሠራ ዘመድ የለን።»

ልጅቱ ገና ልትቀጥል ስትል ቆጣሪው ተነሥቶ ወጣና ግቢው ሲሚንቶ ላይ ቆመ። በተረከዙም ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ ፎቅ ሊያቆም ያሰበ አንድ ነጋዴ ቦታውን ሊያስመረምር ቆጣሪው ወደሚሠራበት የአፈር ምርመራ ድርጅት መጣ። ቦታው ጥንት ገደል ነበር፤ ከተማው ለዓመታት ቆሻሻና ፍርስራሽ ሲደፋበት ሞልቶ ዛሬ እንደ መዳፍ ተስተካክሏል። ማሽኑ ተተከለ። ሦስት ሜትር ላይ ቆጣሪው ሁለት ቆጠረ። ስድስት ሜትር ላይ አንድ። አሥራ ሁለት ሜትር ላይ መዶሻው ሳይነሣ ቱቦው በራሱ ክብደት፣ ጣት ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ፣ ዝም ብሎ ገባ። እንዲህ ሲሆን የሚቆጠር ነገር የለም። ውሉ አሥራ አምስት ሜትር ይል ስለነበር እዚያ ላይ ቆሙ።

ቅጹ ላይ «ጠንካራ ንብርብር የተገኘበት ጥልቀት» የሚል መስመር አለ። ቆጣሪው ጥቂት አሰበና በጥሩ የእጅ ጽሕፈቱ «አልተገኘም። ቦታው የጁፒተር ዓይነት ነው» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ እንዳለ ተየበችው፤ ማኅተም ተመታበት፤ ለነጋዴው ተላከ።

ሐሙስ ጠዋት ነጋዴው ሪፖርቱን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። «እኔ አፈር መርምሩልኝ አልኩ እንጂ ኮከብ ቁጠሩልኝ አላልኩም» አለ።

ቆጣሪው ተጠራ። ማንም ሳያዘው ሁለት የናሙና ሣጥኖች ተሸክሞ መጣና ከፈታቸው። በአንዱ ከሌላ ቦታ የወጣ ድቡልቡል ግራጫ ድንጋይ ተደርድሯል። በሌላው አመድ፣ የጡብ ስባሪ፣ ላስቲክና አንድ የጫማ ሶል አለ።

«ይሄኛው እንደ ማርስ ነው» አለ ድንጋዩን እያሳየ። «ደረቅ ነው፣ ውበት የለውም፣ ግን ያቆማል። ይሄኛው የእርስዎ ነው። ከላይ ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ሙሉ ነው። ሲገቡበት ወለል የለውም።»

«ጁፒተር ወለል እንደሌለው ማን ነገረዎት?» አለ ነጋዴው።

«ልጄ። መምህርት ናት።»

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እንዲያልቅለት ብሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ደወለላት። የዕረፍት ሰዓቷ ነበር።

«አባቴ ምን ሆነ?» አለች።

«ደኅና ናቸው። ስለ ጁፒተር ፈልገንሽ ነው።»

እሷም እንደ መምህር ጀመረች። «ፕላኔቶቹ ሲፈጠሩ ፀሐይ አጠገብ ሙቀት ስለነበር ድንጋይና ብረት ብቻ ጠጥረው ቀሩ። ራቅ ያለው ቦታ ብርድ ስለሆነ በረዶም ተጨመረ፤ እነዚያ ቶሎ ገዘፉና ዙሪያቸው ያለውን ጋዝ ሰበሰቡት። እና የጁፒተር መካከሉ ባዶ አይደለም። የብዙ መሬት ክብደት ያለው ነገር እምብርቱ ላይ አለ ተብሎ ይገመታል፤ ዳር ድንበሩ ግን በደንብ አይለይም።»

ቆጣሪው ስልኩ ላይ ጎንበስ አለ። «ከሥር አለት አለው?»

«አለት ለማለት ይከብዳል አባዬ። ከባድ ነገር ግን አለ።»

«ይሄን ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ተነሥተህ ወጣህ።»

ቆጣሪው ቀና ብሎ ወደ ነጋዴው ዞረ። «እንግዲህ የእርስዎም ቦታ ከሥር አለት አያጣም። እኛ ነን አሥራ አምስት ሜትር ላይ የቆምነው።»

ነጋዴው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የጫማ ሶል አንሥቶ አገላብጦ አየ። «ቀጥሉ» አለ።

ሦስት ቀን ፈጀ። አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ሁለት፣ ሃያ አንድ ላይ አራት፣ ሃያ አራት ላይ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት ሜትር ከአርባ ላይ የመዶሻው ድምፅ ተለወጠ፤ ብረቱ ነጠረ። ቆጣሪው ሃምሳ እስኪሞላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ቱቦው ንቅንቅ አላለም። መዳፉን ቱቦው ላይ አሳርፎ ንዝረቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። ደረቱ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ የነበረ ነገር ወረደለት፤ ለሠራተኞቹ ግን «አለ» ብቻ አላቸው። ከዚያ ለልጁ ደወለ።

«ሃያ ስድስት ሜትር ከአርባ» አላት።

«ጎበዝ አባዬ። የጁፒተሩ ግን ትንሽ ይርቃል።»

ሕንፃው እስከ አለቱ በወረዱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ ቆመ፤ ዘጠኝ የታሰበው ሰባት ፎቅ ሆነ። ነጋዴው ሁለተኛ ቦታ ሲገዛ መጀመሪያ «ጁፒተር ይሁን ማርስ እይልኝ» ብሎ ቆጣሪውን ይዞት ሄደ። ቆፋሪዎቹም ልል መሬት በገጠማቸው ቁጥር «ጁፒተር ነው» መባባል ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሌላ ደንበኛ በማርስ እንዳይከሰው ፈራ። ቁጥርና ቀን ያለው ማስታወቂያ አስተየበ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም የምርመራ ሪፖርት የፕላኔት ስም መጥቀስ ክልክል ነው» ይላል። ሠራተኛው ሁሉ አንብቦ እንዲፈርምበት ታዘዘ። ቆጣሪው ሁለት ጊዜ አነበበና ብዕሩን እንዳነሣ ቆመ።

«መሬትም?» አለ።

«ምን መሬትም?»

«ፕላኔት ናት። በየገጹ እንጽፋታለን።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ወረቀቱን ተቀበለውና ከታች በብዕር «ከመሬት በስተቀር» ብሎ ጨመረበት። ቆጣሪው ፈረመ።