በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው መድኃኒት

ሃና መሸሻ በዕድሜዋ አንድም ኢሜይል አጥፍታ አታውቅም። ሽሮ ሜዳ፣ ጋቢና ነጠላ ወደ ውጭ አገር በሚልክ ሱቅ ውስጥ ደብዳቤ መጻጻፍ ነው ሥራዋ። ትእዛዙም፣ ማስታወቂያውም፣ ገና ተማሪ ሳለች የመጣላትም ሁሉ ስልኳ ውስጥ እንደተከመረ አለ። «ደብዳቤ አይጣልም» ብለው ያሳደጓት አባቷ ጋሽ መሸሻ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ የቆጠሩ፣ አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው። እንግዲህ ዛሬ፣ ከሠላሳ ስምንት ሺህ መልእክት መሐል የእሳቸውን ነፍስ የሚያተርፍ አንድ ቃል ጠፋባት።

ጋሽ መሸሻ ጠዋት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። የሳንባቸው ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው ዘልቋል።

«እህቴ» አለች ዶክተር ናዝሬት፣ «እጄ ላይ ሁለት መድሃኒት አለ። አንዱን ቶሎ መጀመር አለብኝ። ከዚህ በፊት ያልተስማማቸው ነገር አለ?»

«አለ! አንድ መርፌ ሊገድለው ነበር።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ስሙማ የለም። ያኔ ሃና ጅማ ተማሪ ነበረች። አባቷ ከሞት እንደተረፉ አዲሱ ገበያ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተው፣ ባለቤቱን ሳቢትን አጠገቡ ቆመው እያስጻፉ፣ ሃና ዛሬ በማታስታውሰው የሱቁ አድራሻ ላኩላት። «ስሙን ያዢው፤ አንድ ቀን እኔ መናገር ቢያቅተኝ አንቺ ትናገሪልኛለሽ» ይል ነበር መልእክቱ። እሷ ፈተና ላይ ነበረች። አነበበችው፣ አለፈችው።

«ግማሽ ሰዓት እጠብቅሻለሁ» አለች ዶክተሯ። «ከዚያ በላይ ከቆየሁ በሽታው ይቀድመኛል። አንዱን መርጬ እጀምራለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ጎረቤታቸው ሬድዋን ተቀምጧል፤ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ በመኪናው ያመጣቸውም እሱ። ሃና አጠገቡ ዘፍ አለችና የኢሜይሏ መፈለጊያ ላይ «መድሃኒት» ብላ ጻፈች። ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች። ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት። የፀጉር መድሃኒት፣ ጋቢ እንዳይበላ የብል መድሃኒት... የአባቷ የለም። «መርፌ» አለች። የስፌት መርፌ ጎረፈላት። «ሳቢት» አለች። ባዶ።

«ዓመቱን አስገቢበት፣ ይፈጥናል» አለ ሬድዋን። «መቼ ነበር?»

«ሁለት ሺህ ስምንት።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ? ስልኩ እኮ መስከረም ሲጠባ አያውቅም።»

በፈረንጅ ቀይረው አስገቡት። ሦስት ሺህ ቀረ። አንድ በአንድ መግለጥ ጀመረች፤ መቶውን ሳትጨርስ ኔትወርኩ ቆመ። አራት ደቂቃ ቀርቷል። ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ሬድዋን። አንዲት ቃል! ወረቀት ላይ አንዲት ቃል መጻፍ አቃተኝ!»

«ተይ እንጂ ሃኒ! ጋሼ የሱቄን ታፔላ ሳያሳርሙኝ የት ይሄዳሉ? ‹እቃ› ብዬ በአልፋው አ ብጽፍ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ባለፉ ቁጥር ‹ሬድዋን፣ በዓይኑ ዐ እስክትጽፈው ድረስ ዕቃ የለህም፣ አልገዛህም› እያሉ...»

ሃና ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ቀልዴን ነው ባክሽ።»

«አይ፣ ፊደሉን!»

አባቷ አጠገቡ ቆመው ነው ያስጻፉት። ሳቢት እንዳሻው ሲጽፍ እሳቸው ዝም ሊሉ? ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ግን የማይተዋወቁ ሦስት ባዕዶች። ጋሽ መሸሻ ደግሞ «በሃሌታው አይደለም፣ በብዙኃኑ ኀ ነው!» እያሉ የስንቱን ደብተር በቀይ ያቀለሙ ሰው ናቸው።

«ብዙኃኑ ኀ የት ነው ያለው? እዚህ ላይ የለም እኮ!»

«ሀን ጫን ብለሽ ያዢው... ልቀቂው አላልኩም፣ ያዢው! ይኸው ወጣ።»

ላብ ባራሰው ጣቷ «መድኃኒት» ብላ ጻፈች። ክቧ ዞረች። ቆመች። ኔትወርኩ ተመለሰና ደግሞ ዞረች። አንድ መልእክት መጣ።

«ይድረስ ለልጄ ለሐና» ይላል፤ ስሟንም በሐመሩ ሐ ጽፈውታል። ለካ በስሟም ብትፈልግ አታገኘውም ነበር። ዝቅ ብሎ፦ «የማይስማማኝ መድኃኒት ሴፍትሪአክሶን ይባላል።»

ሮጠች። ግማሽ ሰዓቱ አልቆ፣ ነርሷ መርፌውን ሞልታ የአባቷን ክንድ ይዛለች።

«ሴፍትሪአክሶን! ሴፍትሪአክሶን እንዳትሰጡት!»

ዶክተር ናዝሬት የነርሷን እጅ ያዘች። መርፌው ሳህኑ ላይ ተቀመጠ። «እሱን ነበር የመረጥኩት» አለች ቀስ ብላ። ሌላው ተጀመረ።

«አሁን ይድናል?»

«ሰውነታቸው በጣም ተዳክሟል። እስከ ነገ ምንም ልልሽ አልችልም፣ እህቴ።»

ሃና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ መሸሻ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ስልኩ እጇ ላይ እንደበራ ነው። ከደብዳቤው ግርጌ፣ ያኔ ፈተና ላይ ሆና ያለፈችው አንድ መስመር አለ፦ «እንደ ደረሰሽ መልሺልኝ።»

አልመለሰችም ነበር።

ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ጆሯቸው ሥር አስጠጋች።

«ደረሰኝ፣ አባዬ» አለች። «ደረሰኝ።»