የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቶኒ ነው

ያሬድ፣ ፊልምህን ዛሬ ከፎቶ ቤት አወጣሁልህ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቆመው ግን እኔ ሳልሆን ቶኒ ነው።

ላልሰማችሁ ጓደኞቼ፣ ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ከሞተ ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። እዚህ አረብ አገር ጦርነቱ ካለቀም በኋላ፣ በምንኖርበት በሀደት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል። እሱ ብቻ ደስ ብሎት ካሜራውን ይዞ ኮከብ ሊያነሳ ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር።

የኮከብ ፎቶ ሁሉ ጨለማ ስለሆነ የፎቶ ቤቱ ሰው አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም፤ መሀሉን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሰውየው ከዚያ እየለካ እንዲቆርጥ፣ ያሬድ በየፊልሙ መጀመሪያ ላይ በቀን ብርሃን አንድ ሰው ያነሳል። ያ ሰው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። «የምትጠቅመው ለመቀሱ ነው» እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔ ግን እኮራበት ነበር።

ቶኒ ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«መቼ ነው ያነሳህ?»

«አንተ ለፈተና ስታጠና። ‹ያላ በል፣ ቁምልኝ፣ ትንሹን አልረብሸውም› አለኝ።»

«ማታስ ጣሪያው ላይ ባትሪ ማን ያዘለት?»

«እኔ ነኝ፣ ሀቢቢ።»

ፈተናውንም ወድቄያለሁ።

እናንተስ፣ በሞተ ሰው ጓደኛ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ፤ እኔ ብቻ ከሆንኩ ያሳፍራል።

ያሬድን በቀበርን ማግስት፣ ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን በነቃሁበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ቶኒ እያለቀሰ በሩን አንኳኳ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ የተኛሁ አስመሰልኩ።