የጾመው ዓይን

ባለቤቴ ጾም አይወዱም ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ስጽፍ ቢያዩኝ «ጀመረሽ ደግሞ» ይሉኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከላሞቹ ጋጥ ደርሰው ሲመለሱ ጢማቸው ላይ ነጭ ነገር አይጠፋም። ወተት ነው እንዳልል «አረፋ ነው» ይላሉ፤ የምን አረፋ እንደሆነ ግን አይናገሩም። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ዓመት በሁዳዴ ዓይናቸውን ያስጾሙት።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። ባለቤቴ ለመንግሥት ሥራ ሶዶ ሲመደቡ ከቡልጋ ተከትያቸው መጣሁ። የወላይታ ምድር ለምለም፣ ሰዉም ደግ ነው፤ ግን ቋንቋውን አልሰማም፣ ከዘመዶቼም አንድ ሰው አጠገቤ የለም። የተጋባነው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ በሽማግሌ ፊት ይታሰራል፣ በሽማግሌ ፊት ይፈታል፤ የእኔ ሽማግሌዎች ደግሞ ያሉት ቡልጋ ነው። ነገ «በቃሽ» ብባል ለማን አቤት እላለሁ? ስለዚህ የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብረን እንድንቆርብ። በቁርባን የታሰረውን ሞት ካልሆነ የሚፈታው የለም። እሳቸው ግን ምክንያት አያጡም። አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ ሥራው፣ አንዴ የበቅሏቸው ሕመም።

«የምትቆርበው በቅሎዋ ናት እንዴ?» እላቸዋለሁ።

ታዲያ ከበዴሳ ገበያ ሲመለሱ ያችው በቅሎ በግራር ሥር ይዛቸው ገባችና እሾህ ግራ ዓይናቸውን ወጋው። ዓይኑ አመረቀዘ። ሶዶ ያሉት ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። አስተርጓሚው የሶዶ ልጅ ነው፤ ከወንጌል አማኞቹ ወገን ስለሆነ የኛን ጾም አይጾምም እንጂ እጅግ ጨዋ ሰው።

«ጌታዬ፣ የታመመው ካልወጣ ደህናውንም ይዞት ይሄዳል ይላሉ» አላቸው።

ዓይኑ ወጣ። ሐኪሙ በቦታው ከመቁጠሪያዬ ፍሬ ከፍ የምትል የብርጭቆ ድቡልቡል አስገብተው ሥጋውን ሰፉባት። እሷ ጉድጓዱን መሙያ ናት፤ አትታይም፣ አትነካም። ቁስሉ ሲደርቅ በላይዋ ሌላ ብርጭቆ ተደረገ፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ የሆነች፣ ዓይን የተሳለባት። ይህቺኛዋ ማታ ወጥታ ትታጠባለች፣ ጠዋት ሐኪሙ የሰጡት ቅባት ተቀብቶላት ትገባለች።

መልካቸውን የሚወዱ ሰው ስለነበሩ መስተዋት ፊት ብዙ ቆዩ።

«አየሽ? ከቀድሞው አያምርም?»

«ያምራል። ይኼኛው ደግሞ ወዲያ ወዲህ አያይም።»

በዚያ ዓመት ለቅበላ፣ ሳልለምናቸው፣ «ዘንድሮ ለፋሲካ እንቆርባለን» አሉኝ። ደግሞም እውነታቸውን ነበር። ሁዳዴ ገብቶ ጢማቸውን ባይ ባይ አረፋ የለም።

ጾሙ ሲጋመስ ግን መሐረብ ከእጃቸው አልለይ አለ።

«ጉንፋን ነው» አሉ።

«ግራ ዓይን ብቻ የሚይዝ ጉንፋን?»

ጠጋ ብዬ ባየው መግል ነው። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድን። ደም ወይም መግል የሚፈስ ቁስል ያለበት ሰው ገብቶ እንደማይቆርብ እኛም እናውቃለን፤ ግን ምናልባት ብለን ነው። «ልጄ፣ እስኪደርቅ ደጅ ቁም» አሏቸው። ስንመለስ አንጀቴ አሮ «በቅሎዋ ብትድን ዓይንዎ ታመመ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ላይኛዋን ብርጭቆ ሲያነሷት የተሰፋው ሥጋ ሳስቶ ተበስቷል፤ የውስጧ ድቡልቡል አጮልቃ ታያለች።

«ቅባቱን ትተውታል ወይ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ትቼዋለሁ።»

«ለምን፣ ጌታዬ?»

«ጾም ነዋ! ስብ በሰውነቴ እያስገባሁ ጾምኩ ልል ነው?»

አስተርጓሚው ለሐኪሙ ነገረ። ሐኪሙ ብዙ ተናገሩ። አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ወደ እኛ ዞረ።

«ስብ አይደለም ይላሉ፣ ጌታዬ። ከመሬት የሚወጣ ነው። የላምባ ዘመድ።»

«የላምባ?»

«አዎን። እመቤቴ፣ ላምባ ጾም ያስገድፋል እንዴ?»

«እስካሁን ጠጥቶ የጠየቀ የለም» አልኩት።

እንዲህ ያለው ነገር ሳይነኩትም አንዳንዴ ይደርሳል አሉ ሐኪሙ፤ የሳቸውን ግን ድርቀቱ ፈግፍጎ አባብሶታል። ድቡልቡሏ ትውጣ ተባለ።

መንገድ ላይ «አንቱ፣ ሆድ ያልጾመውን ዓይን ያስጾማሉ?» አልኳቸው።

«ሆዴም ጾሟል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ጎደለ ትያለሽ። ዘንድሮ ምንም እንዳይጎድል ብዬ ነው።»

ቤት ስንደርስ ውሃ አሙቄ መሐረባቸውን አጠብኩላቸው።

ለፋሲካ እኔ መግባት እችል ነበር፤ ከሳቸው ጋር ደጅ ቆሜ አስቀደስኩ። ድቡልቡሏ ወጥታ ቁስሉ በክረምቱ መግቢያ ደረቀ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ ድቡልቡል ላስገባ አሉ። ያለ እሷ ላይኛዋ ብርጭቆ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፣ የዓይናቸው ቆብም ይወድቃል። ከገባች ግን ቁስሉ እንደገና እንዳይመግል ዋስ የሚሆን የለም፤ ፍልሰታ ደግሞ ደርሷል። ባለቤቴ መስተዋት አስመጥተው የጎደጎደውን አዩት፣ አዩት። እኔ መቁጠሪያዬን ይዣለሁ እንጂ አንድም ጸሎት አልመጣልኝም። መልካቸው ለሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ጌታዬ፣ ለመቼ ልበላቸው?» አለ አስተርጓሚው።

መስተዋቱን መለሱለት። «ይቅር በላቸው። በነሐሴ ጉዳይ አለኝ።»

በፍልሰታ ቆረብን። አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ቃል ሳንተነፍስ ቤታችን ገባን። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው «እንግዲህ ማምለጫ የለኝም» አሉኝ።

«በአንድ ዓይን የት ሊደርሱ ነበር?»

ሳቁ። ያችኛዋ የብርጭቆ ዓይን ግን ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ ጾሟን እንዳልፈታች ሁሉ፣ ኮስተር እንዳለች ቀረች።