ነካሳ ላይ የምትጠፋው መኪና

የአባቴ መኪና ትነሳለች። ስለ እሷ ክፉ ነገር በተወራ ቁጥር አባቴ አስቀድሞ የሚናገረው ይህንን ነው። «ትነሳለች እኮ» ይላል። እውነቱን ነው። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ አጉረምርሞ ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ይንተባተብና ድርግም ብሎ ይጠፋል። እንደገና ሲያዞረው እንደገና ይነሳል፣ እንደገናም ይጠፋል። አባቴ ግን የሚቆጥረው የተነሳችበትን ብቻ ነው።

አባቴ ከወሎ የመጣው ጎረምሳ ሳለ ነው። መካ ውስጥ ሑጃጅ፣ ለሐጅ የሚመጡትን፣ በመኪና ሲያመላልስ ኖሮ አሁን ሥራ አቁሟል። እሱና እናቴ የሚኖሩት ነካሳ በሚባለው የመካ ሰፈር፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚያው ቤት ነው፤ ዛሬ ግን ለሥራ ጅዳ ወርጄ፣ ሳፋ ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ።

የእናቴን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቀኙ ጨርሶ አያይም፣ ግራውም ጀምሮታል። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ ታደርግና ሙቀቱ ሲደርስባት ታቆማለች። ይህንን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስንት ደጅ ጥናት ሳፋ ካለ አንድ የዓይን ክሊኒክ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ አስያዝኩላት። አባቴ ሲሰማ፣ «ምን አስቸኮለሽ? አገር ስንገባ ደሴ ላይ እናሠራዋለን» አለ።

«አገር ስንገባ» እኛ ቤት ውስጥ ከእኔ በፊት የነበረ ቃል ነው። ጥሩ ሶፋ የምንገዛው አገር ስንገባ ነው። መጋረጃ የምንቀይረው አገር ስንገባ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፤ እኛ ግን ገና ልንገባ ነው። አባቴ ውሸታም አይደለም፤ በየዓመቱ ከልቡ ነው የሚለው። ችግሩም እሱ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው ስልኬ ጮኸ። «ተነስታለች። ያላ፣ መጣን» አለ አባቴ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደወለ።

«ጠፍታለች። ግን ትነሳለች።»

«አባ፣ ታክሲ ያዙ።»

 ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጭን የኖረ ሰው፣ የራሱ መኪና ደጁ ላይ ቆማ ሚስቱን በሰው መኪና እንዲጭን ስለጠየቅሁት ተቀይሞኛል። «መኪና እያለን?» አለኝ። እናቴ ከአጠገቡ ሆና፣ «ልጄ፣ አታስቢ፣ ገብቼ ቀበቶዬን አስሬያለሁ» ስትል ሰማኋት። እስከ ቀትር እንደታሰረች ቆየች።

በኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያ መካከል የሰፈሩ ወንዶች ኮፈኑን ከፍተው ተሰብስበዋል። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከሌላው የመካ ሰፈር፣ ከዛሂር ድረስ መጣ። እሱ በዓለም ላይ ያለ የመኪና በሽታ ሁሉ ከባትሪ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጎረቤታችን ካንዴላዎቹን ፈትቶ በፎጣ ላይ ደረደራቸው፤ መልሶ ለመግጠም ግን ያን ያህል ፍጥነት አልነበረውም። ሌላው የአባቴ ወዳጅ «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ቁርኣን ቀራባት። ቀለሟ የተላጠ፣ አንዱ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ አሮጊት ናት፤ ማን ሊቀናባት እንደሚችል የጠየቀ አልነበረም። ካንዴላዎቹ ተመልሰው ሲገጠሙ ክሊኒኩ ምሳ ወጥቷል።

የቀጠሮ ሠራተኛዋን ለምኜ ሌላ ቀን አገኘሁ። እሷም ይህኛው ካለፋችሁ ወደ ወረፋው መጨረሻ ነው የምትመለሱት አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ሞራው እየጠነከረ ከሄደ ኦፕራሲዮኑ እንደሚከብድ አስቀድሞ ነግሮኛል። እኔ ይህንን ለአባቴ በስልክ ስነግረው እሱ የምሥራች ይዞ ጠበቀኝ። መኪናዋን በጠፋ ሞተር ቁልቁል ለቀዋት ሜዳው ላይ ካለው ጋራዥ ወስደዋታል፤ እዚያ ስትነሳ ጸጥ ብላ ስትሠራ ዋለች። መካኒኩ ዙሪያዋን ዞሮ ምንም አላገኘባትም። «እኔ አላልኩም? ደህና ናት» አለኝ፣ ልጁን ሐኪም ቤት ወስዶ ንጹህ ነው እንደተባለ ሰው።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ከዋዜማው መካ ገባሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ «እስቲ አስነሳት» አልኩት። ተነሳች። ጠፋች።

«አየሽ? ትነሳለች» አለ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ጊዜ አባቴ «መብሩክ» ብሎ ግንባሬን ስሞኛል፤ ቁልፉን ግን ሰጥቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ወገቡን ስላመመው ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አስነሳኋት፣ ጠፋችብኝ።

«አባ፣ ዛሂር፣ አጎቴ ደጅ ላይ ጠፍታ ታውቃለች?»

«ኧረ አታውቅም።»

«ወርሻ፣ መካኒኩ ጋ ስትወስዳትስ?»

«እዚያማ ስትሠራ ዋለች አልኩሽ።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ብቻ?»

«ዳገቱን አትወደውም» አለኝ፣ የዘመድ አመል እንደሚያስረዳ ሁሉ።

መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ ወደፊት ያንሸራትተኛል፤ በእግሬ ካልደገፍኩ ከወንበሩ ልወርድ ነው። የሶፍት ካርቶኑም፣ የውሃ ፕላስቲኩም ዳሽቦርዱ ላይ ተንሸራተው መስታወቱ ሥር ተጠጋግተዋል። እዚህ መኪና ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ወደፊት ሄዷል። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ።

«አባ፣ በንዚን ስንት አለው?»

«ይበቃል።»

«ለምን ይበቃል?»

«ለምንሄድበት።»

የነዳጅ መለኪያው መርፌ ግማሽ ላይ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። አባቴ መርፌ አያስፈልገውም፣ በልቡ ያውቀዋል። እኔም ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አባቴ ታንኩን ጢም አድርጎ ሲሞላ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ማደያ ሲገባ ሁልጊዜ «ሸወይ» ነው የሚለው፣ ትንሽ። ስስት እንዳይመስላችሁ፤ እንግዳ ሲመጣ በግ ካላረደ አይሆንለትም። ግን ድንገት አገር ብንገባስ? ለምትሸጥ መኪና ታንክ ሞልቶ ምን ያደርጋል? ማታ ሲገባም ዳገቱን ወጥቶ፣ ከላይ አዙሯት፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነው የሚያቆማት። ነገ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚያቆመው። ያቺ ሸወይ ቤንዚንም ታንኩ ውስጥ ወደፊት ትፈስሳለች፣ ኋላ የተቀመጠው ፓምፕ መስመሩ ላይ የተረፈውን ጠጥቶ አየር መሳብ ይጀምራል። ሜዳ ላይ ስትደርስ ቤንዚኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እሷም ትድናለች።

ጎረቤታችን መኪናው ኋላ የሚይዘውን አንድ ጀሪካን ቤንዚን ሰጠኝ። ስቀዳ አባቴ እጁን አጣምሮ «እንዳታፈሺው» አለኝ። አስነሳኋት። ሁለታችንም ኮፈኑን እያየን ቆምን። ትሠራለች። ቆየን፣ አሁንም ትሠራለች። እናቴ በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አልጠፋችም?» አለች።

«በንዚን ነው፣ እማ።»

«በንዚንም አንዱ ምክንያት ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋ ቆመና ድምፁን ተከትላ ፊቷን ወደ አባቴ አዞረች።

«ሐጂ፣ አገር ስንገባ ስትለኝ ሶፋውን ተውኩት። መጋረጃውንም ተውኩት። ዓይኔን ግን አልተውም። እኔ ልይ ነው የምለው። የት ሆኜ እንደማይ ኋላ እንነጋገራለን።»

በሕይወቴ እናቴ ይህንን ያህል ስትናገረው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደስም አለኝ፣ አባቴም አሳዘነኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ የደነገጠ ሰው ፊት ነው። ሞተሩን አጠፋው። «ኻላስ፣ በቃ» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ በጠዋት እንወርዳለን።»

በማግስቱ የጅዳን መንገድ ሳንይዝ ማደያ ገባ። ቀጂው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ከም?» አለው፣ ስንት ልቅዳ ማለቱ ነው። አባቴ በመስታወቱ ኋላ ወንበር ላይ ያለችውን እናቴን አያት። «ፉል» አለ።

ሞልቶ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚፈጅ አያውቅም። ቤንዚኑ መውረዱን አላቆም ሲል አባቴ ዓይኑን ከቆጣሪው ሳይነቅል ቆየ፣ ከዚያ ወርዶ ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር ያፈስስ እንደሆነ ተመለከተ። ቀጂው ግራ ተጋባ። እኔና እናቴ መኪናው ውስጥ ሆነን አፋችንን ይዘን ሳቅን። ሳፋ እስክንገባ አንዴም አልጠፋችም።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሄደ። ሦስታችንም እኔ ቤት አደርን፣ በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ የዓይኗን ማሰሪያ አነሱላት። እናቴ መጀመሪያ ያየችው አባቴን ነው። «ጢምህ ሁሉ ነጭ ሆኗል እንዴ?» አለችው። አባቴ ጢሙን በእጁ ሸፈነው፣ ነርሷም ሳቀች።

ነካሳ ስንመለስ እናቴ ሳትቀመጥ ክፍሉ መካከል ቆመች። ግድግዳውን ዙሪያውን አየችው። ጭንቅላታችንን የምናስደግፍበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ልስኑ ከእርጥበት የተነሳ ተነስቷል። እኔ የለመድኩት ግድግዳ ስለሆነ ከእሷ ጋር እስካየው ድረስ አላየሁትም ነበር።

«እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው?» አለች። የወቀሳ ድምፅ አልነበረም።

አባቴ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ እኔም እሷም እናውቀዋለን። አላለውም። ወደ ግድግዳው ሄዶ የተነሳውን ልስን በመዳፉ ዳበሰው፣ ጥቂትም ረገፈበት።

«ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጊያለሽ?» አላት።

እናቴ ወደ ግድግዳው ቀርባ ከአጠገቡ ቆመች።

«ቆይ እስቲ፣ አታስቸኩለኝ» አለችው። «መጀመሪያ በደንብ ልየው።»