ኩንታልና ትልቁ ሸራ

የእህቴን ባል ኩንታል ያልነው እኛ ነን፤ እሱም ወዶት ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንዴ የሰው ወጥ ቤት ገብቶ እቃ ማጠቢያው ስር ተሰንቅሮ ቀረና የቤቱ እመቤት እግሩን ይዛ ስትጎትት ደረስን። እኛ ስንስቅ እሱ ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

እሁድ እሁድ ሦስት ሆነን ሐይቁ ላይ በሸራ ጀልባ እንወዳደራለን። ጀልባችን ትንሽ ናት። ከሆዷ ስር የብረት ክብደት ቢኖራትም ነፋስ ሲበረታ እሱ ብቻ አይበቃትም። እኔ መሪ እይዛለሁ፣ አናጢው ጓደኛችን የፊቱን ሸራ ይሰቅላል ያወርዳል፣ ኩንታል ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጠርዙ ላይ ይወጣል። ሥራው መክበድ ነው! የፊት ሸራ ሁለት አለን፤ ትልቁ ለቀላል ነፋስ፣ ትንሹ ለኃይለኛ። ሌላው ሁሉ ትንሹን ሲሰቅል እኛ ኩንታልን ተማምነን በትልቁ እንሄድ ነበር። ስንቱን ጉድ ሠርተነዋል!

ከዚያ መክሳት ጀመረ። ቀበቶውን በሚስማር እየበሳ ያጠብባል። እህቴ፣ "ኧረ ወንድምዬ፣ አንተን ይሰማሃል፤ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ንገርልኝ" ብላ አለቀሰችብኝ። ነገርኩት።

"ቀናህ እንዴ? አሁን እኮ እቃ ማጠቢያው ስር ሰተት ብዬ ነው የምገባው!" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ይሄ ግትር! ለካ ሁለት ሹራብ እየደረበ ነበር የሚያታልለን።

የዚያን እሁድ ነፋሱ ገና ከመነሻው ያፏጫል። አናጢው ትንሹን ሸራ ሲያወጣ ኩንታል ጮኸበት፤ "ምን ነካህ? እኔ የለሁም እንዴ? ትልቁን!"

አናጢው ዞሮ አየኝ። "ስቀልለት፤ ራሱ ይየው" አልኩ በንዴት።

አየው። መነሻውን እንዳለፍን ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ኩንታል ጠርዙ ላይ ወጥቶ እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ፤ አልተነሳችም። በተኛችበት በኩል ውሃ ይገባል። "ክበድ እንጂ!" አልኩት፤ አፌን ቁርጥ ያርገው። እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ገፋ ብሎ ወጣ። ወይ ፍንክች። ያቺው ጀልባ፣ ያው ሸራ፣ የለመድነው ነፋስ ነው። ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ላይ ፍርሃት አየሁ፤ ከዚያ በፊት ሲፈራ አይቼው አላውቅም።

"ትንሹን ስቀሉ" አለ ቀስ ብሎ።

ማንም አልቀለደም። መጨረሻ ወጣን።

ቤት እንደገባ ለእህቴ፣ "ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ" አላት። እሷ ደግሞ ደውላ መረቀችኝ፤ ምን ብዬ እንዳሳመንኩት ጠየቀችኝ።

የምርመራው ውጤት ሲነገር እኔ፣ እህቴና ኩንታል ሐኪሙ ፊት ተቀምጠን ነበር። በሽታው ጉበቱን ጨርሶታል። ቀዶ ጥገናም ሆነ መድኃኒት ከእንግዲህ ብዙ እንደማይረዳው ነገረን።

"ምነው እስካሁን ዝም አላችሁ? ይሄ እኮ የከረመ ነው" አለ ሐኪሙ።

እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ኩንታል ግን እንዳጠፋ ልጅ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

"እኔ የቀለልኩት ባለፈው እሁድ ነው፣ ዶክተር።"