የሄር ሹልትስ እግር

ወደ ጀርመን ልሄድ ባደርኩበት ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ አባቴ እግሬን አጠቡኝ። እሳቸው ቄስ ናቸው፤ እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ያውም ድምፁን የሚወድ ዲያቆን። በእኛ በደባርቅ ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ያጠበውም ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን ስሞ ይጨርሳል። እኔ ግን መሄዴ እንጂ መምጣቴ አልነበረም።

«አባ፣ ኧረ አይሆንም! እኔ ነኝ እርስዎን የማጥብ» ብላቸው፣

«ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር። ከእንግዲህ እንግዳ ነህ፤ በል እግርህን አምጣ» አሉኝ።

አጥበው ሳሙኝ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ሳላደርቅ ካልሲዬን አጥልቄ ሮጥኩ። ዳባት ስንደርስ እግሬ ገና እርጥብ ነበር፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጀርመን የመጣሁት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠራሁ ነርስነት ልማር ነው። ብርዱን አትጠይቁኝ፤ የደባርቅን ልጅ ብርድ ማን ያስተምረዋል! ድንቹም ቁርጥ የገበያችን ድንች ነው፤ ከጨው በቀር ዘመድ የለውም እንጂ። ያቃተኝ ሰላምታቸው ነው። «ሃሎ» ይሉና ያልፋሉ፤ እኔ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ልጠይቅ ስዞር ኮሪደሩ ባዶ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሄር ሹልትስ የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ እግር እንዳጥብ ታዘዝኩ፤ ሄር ማለት አቶ ነው፤ ፍራው ደግሞ ወይዘሮ። አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ሳምኩ። ሽማግሌው ጮኹ። አብራኝ የነበረችው ነርስ ጮኸች። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ ጮኽኩ።

አለቃችን ፍራው ክላይን ቢሮዋ አስጠራችኝ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ ከሥራው ከተባረርኩ ቪዛዬም አብሮ ይሄዳል።

«ለምን ሳምካቸው?»

«ታጥበው ስላለቁ።»

«ሌሎቹ ሠራተኞች ሲያጥቡ አይስሙም!»

«እንግዲያ ሳይጨርሱ ነዋ የሚሄዱት።»

«ንጽሕናስ?»

«አሁን አይደል እንዴ ያጠብኳቸው!»

እስክትወስን ድረስ እግር የሚባል ነገር እንዳልነካ ከለከለችኝና ልብስ ማጠቢያ ክፍል መደበችኝ። አንሶላ እያጣጠፍኩ የምመለስበትን ቀን አስብ ጀመር። እናቴ «ልጄ ጀርመን ያገለግላል» ብላ ስላወራች ግማሹ ገበያተኛ ጳጳስ የሆንኩ መስሎታል። አሁን «እግር ስሞ ተባረረ» ሊባልልኝ ነው!

ያዳኑኝ ሄር ሹልትስ ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሠራተኛ አጥቧቸው ሊሄድ ሲል እግራቸውን ዘርግተው ካልሲ አላጠልቅም አሉ። «አልጨረስክም!» ይላሉ። ጎረቤታቸው አሮጊቷ ይህን ሰምተው ጫማቸውን አወለቁ። በማግስቱ ኮሪደሩ በባዶ እግር ተሞላ። ስብሰባ ተጠራ፣ ሐኪም ተማከረ፤ በመጨረሻ በንጹሕ ፎጣ ላይ እንድስም ተፈቀደልኝ።

አገር ቤት ቅዳሴ ስገባ ጭንቀቴ ድምፄ ለምእመናን እንዲያምር ነበር። እዚህ የሚያደንቀኝ የለም፤ የሄር ሹልትስ ጆሮም ደክሟል። ተንበርክኬ ውዳሴ ማርያም ሳንጎራጉር ግን እግዚአብሔር እዚያው ሳፋው አጠገብ ያለ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ደስታ መቅደስ ውስጥ እንኳ አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከሥራ ቦታ ስደውል ለአባቴ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ደኅና ነህሳ ልጄ? ለመሆኑ ምንድን ነው የምታገለግል?»

«እግር አጥባለሁ፣ አባ።»

«ምነው፣ እዚያ ጸሎተ ሐሙስ ገባ እንዴ?»

«እዚህ በየቀኑ ነው።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እኔ እንኳ በዓመት አንዴ ነው የማጥብ፤ ያውም ሕዝቡ ከቤቱ ታጥቦ መጥቶ!»

«የእርስዎንስ አሁን ማን ያጥብዎታል?»



«እናትህን ጉልበቷ እንቢ ብሏታል። እኔው እሞክራለሁ። ቀኙን እደርስበታለሁ። ግራው ግን... ግራው አንተን ይጠብቅ።»

ሄር ሹልትስ ደወላቸውን ደወሉ፤ አባቴን ተሰናብቼ ውሃ ላሞቅ ሄድኩ።